ቋጠሮው ከወጣ በኋላ

ቤቴ የመንደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከእኔ ወዲያ ያለው የማንድቪ ወደብ መንገድ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ የሚሄድ ሁሉ ቋጠሮውን እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። ኮከብ ቆጣሪው ማክሰኞ ጠዋት ውጡ ይላል፣ መርከቡ የሚነሳው ግን በሌላው ሳምንት ነው፤ መርከብ መቼም ኮከብ አይጠይቅ። ታዲያ ምን ይደረጋል፣ በመልካሙ ሰዓት አንድ ኮኮናት፣ ጭብጥ ሩዝና የተጓዡ አንድ ልብስ በቀይ ጨርቅ ይቋጠርና ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ያለ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጣል። ቋጠሮው ወጣ ማለት ሰውየው ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ እስኪደርስ እቤቱ ቢበላ ቢተኛ ማንም ምንም አይለውም፤ ቋጠሮው ብቻ ወደ ቤት አይመለስም። በእኔ መደርደሪያ ላይ ግማሽ ናይሮቢ አልፏል ብል አላበዛሁም።

የማወራችሁ ግን ስለ ሂርባይ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እሷ ወጥ ስታማስል እኔ ቤት ይሸታል፣ እኔ ከባሌ ጋር ስጣላ እሷ ቤት ይሰማል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ስትቆጣኝ «አንቺ ምላሳም ማንባይ» ትለኛለች፣ ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ከአሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። ናይሮቢ ብርድ ነው ስለሚባል ከመንደራችን ማንም የሂርባይን ብርድ ልብስ ሳይዝ ባሕር አይሻገርም ነበር። ሰውን ሁሉ አልብሳ ስትሸኝ እሷ ከዚህች ደጅ ፈቀቅ አላለችም።

የቀረችው የሚጠራት አጥታ አይደለም። ባሏ ኪምጂ ግንበኛ ነበር፤ ናይሮቢ ገብቶ ሥራው ሲቃናለት እሷንና ሕፃን ልጃቸውን ቪሽራምን ጠራ። ያኔ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ ቋጠሮዋን የተቀበለችው አማቴ ናት። ሳጥኑ ታስሮ፣ የበሬ ጋሪው ደጅ ቆሞ፣ የሂርባይ አማት «ወገቤን» ብላ ተኛች። እንግዲህ አማት ተኝታ ምራት ባሕር ትሻገራለች? ጋሪው ባዶውን ሄደ። ወገቡ አልሻል ሲል ቋጠሮው ከእኛ ቤት ወደ እነሱ ቤት ተመለሰ፤ በዚህ መንደር ተመልሶ የገባ ቋጠሮ እሱ ብቻ ነው። ኪምጂ ዓመት ሳይሞላው ከሚገነባው ፎቅ ላይ ወድቆ ሞተ። ወገቧን ያመማት ሴትዮ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን በልታ ጠጥታ ኖረች። ሂርባይ ክፉ ቃል ሳይወጣት ጦረቻት፤ በልቧ ግን ቋጠሮውን በመመለሴ ባሌን ገደልኩት ብላ አመነች። እኔ ይሄ ከንቱ ነገር ነው፣ ቋጠሮ ሰው አይጥልም፣ ሰው የሚጥለው የላላ መወጣጫ ነው እላት ነበር። አንድም ቀን አልሰማችኝም።

ቪሽራምም ጢም ሲያወጣ በአባቱ መንገድ ሄደ። መጥቶ ኬሳርን አገባ፣ የሠርጉ ጣፋጭ ሳያልቅ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ ብቅ አለ። ስለዚህ የኬሳር ትዳር፣ እውነቱን እናውራ ካላችሁ፣ ከሂርባይ ጋር ነበር። ባንድ ትሪ ይበላሉ፣ ባንድ ምንጣፍ ይተኛሉ፣ ያንዷን ራስ ሌላዋ ዘይት ትቀባለች። ኬሳር እናቷን በሕፃንነቷ ያጣች ናት፤ ሂርባይ ደግሞ ሴት ልጅ አልወለደችም። ኬሳር የባሏን መልክ ከፎቶ ነው የምታውቀው፣ የአማቷን ግን ከእግሯ ኮቴ ስሜቷን ታነብ ነበር። ሁለቱን ሳይ ቅናት ቢጤ ይሞክረኝ ነበር። እኔም ምራት አለችኝ፤ ስለ እሷ ባላወራ ይሻላል።

ያም ሆኖ ሂርባይ ከመጀመሪያው ነግራታለች። አንድ ቀን ይጠራሻል፣ የጠራሽ ቀን ትሄጃለሽ፣ እኔ ተኝቼ ሰው የማስቀር ሴት አይደለሁም አለቻት። ኬሳር ሩቅ ስለመሰላት ትስቅ ነበር።

ጥሪው የመጣው ኬሳር መጠበቅ ከተወች በኋላ ነው። ቪሽራም የመግቢያ ፈቃድ አወጣላት፣ ለእናቱ ግን አልተገኘም። ፈቃዱም ጊዜ ነበረው። ከዚያ አገር የሚመለሱት ሰዎች በሩ እየጠበበ ነው፣ ይሄ ካለፈ ሌላ አትጠብቁ ይሉ ነበር። ደግሞ ብቻውን የከረመ ወንድ ምን እንደሚሆን ማን አጣው፤ ከላይኛው ሰፈር የአንዲቱ ባል እዚያው ሌላ አግብቶ፣ ወልዶም ነው የተሰማው። ኬሳር አልወለደችም፣ ዕድሜዋም እየሄደ ነው። ወይ በዚህ መርከብ ትሄዳለች፣ ወይ ያለ ባል ያለ ልጅ የሂርባይን ኑሮ ትደግማለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ከሁላችንም ይልቅ ሂርባይ።

ዝግጅቱ ጉድ ነበር። ሂርባይ ያልሄደችበትን አገር ከሄዱት በላይ ታውቀዋለች። የቆርቆሮ ሳጥኑን ግቢው መሃል አስቀምጣ ይሄን ከታች፣ ያን ከላይ ትላለች። ለመርከቡ ቅመም የገባበት ስስ ቂጣ ተጋገረ፤ ማን እንዳበሰለው የማይታወቅ ነገር ባሕር ላይ እንዳትቀምሺ ተባለች። በዘይት የተዘፈዘፈ ማንጎ በማሰሮ ሆኖ አፉ በጨርቅ ታሰረ። የባሚያ ዘር ስትቋጥር አይቼ እዚያ ባሚያ የለም ወይ ብላት የኛ ባሚያ የለም አለችኝ። ባሏ የነገራትን የባቡር ጣቢያ ስም ቮይ፣ ማኪንዱ እያለች በቃሏ ታስጠናታለች። ካሪቡ ካሉሽ ግቢ ማለታቸው ነው፣ ፖሌ ካሉሽ አዝነውልሻል፣ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ። ኬሳር በክትባት ያበጠ ክንዷን ይዛ ትደግማለች፣ ሲሰለቻትም እማ፣ ቋንቋውን የሚችሉት እርስዎ፣ እርስዎ ይሂዱና እኔ ልቅር ትላለች። ሂርባይ በማማሰያ ታባርራታለች፣ ሳቃቸው እኔ ጋ ይደርሳል። ግን አንድ ነገር ሳጥኑ ውስጥ በገባ ቁጥር የኬሳር ዓይን ውሃ ይሞላል፤ ሂርባይ ያን ስታይ ሆዴን አታላውሺው፣ ሥራሽን ሥሪ ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ማክሰኞ ጠዋት ቋጠሮው ወጣ። ባሏ የሞተባት ሴት በመንገደኛ ፊት አትቆምም፣ ገድ የላትም ይባላል፤ ስለዚህ ሂርባይ ከበሩ ጀርባ ቀረችና ኬሳር ብቻዋን ይዛው መጣች። ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፣ እንግዲህ አፍሪካ ገብተሻል፣ ለኛም አስቢልን ብዬ ቀለድኩባት። ስቃ ምሳዋን ልትበላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ኬሳር ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ሂርባይ ግድግዳውን መታች። ስገባ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ እጇ ላይ የያዘችው ጨርቅ ደም ነክቶታል። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ለካ ሳሉ የጀመራት ሳጥኑ የተገዛ ሰሞን ነው፣ ደረቷን እየወጋት አቧራ ነው፣ በርበሬ ነው ስትል ከርማለች። ብድግ ብዬ ባሌን ወደ ማንድቪ ልላክና ሐኪም ይዞ ይምጣ አልኩ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ሐኪም ከመጣ ኬሳር ታውቃለች። ካወቀች አትሄድም።»

«ትቅር ታዲያ። ደም እየተፋሽ ጥላሽ ትሂድ?»

«እኔ ለአማቴ ወገብ ብዬ ቀረሁ። እሷ ለእኔ ደረት ብላ አትቀርም። ዛሬውኑ አንቺ ጋ ትገባለች፣ ሳሌን አትሰማም።»

ምን ብለሽ ነው የምታስወጫት ብላት፣ ቋጠሮዋ ከወጣ ቤት አትረግጥም እላታለሁ አለችኝ። ይሄን ሕግ ከየት አመጣሽው አልኳት። ድሮ ነበረ አለች። ድሮም አልነበረም፤ ስንቱን ቋጠሮ ያሳደርኩት እኔ፣ ለእኔ ነው የምታወሪው ብዬ ተቆጣኋት። ብትለምነኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። አልለመነችኝም፣ እጄን ጨምድዳ ይዛ በልጆቼ አስማለችኝ። ምን ቆርጦኝ በልጆቼ እንደማልኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኬሳር እንስራዋን ተሸክማ ስትመለስ ሂርባይ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ቋጠሮሽ ወጥቷል አለቻት፤ ተመልሰሽ ይሄን ቤት ብትረግጪ ለልጄ ገድ አይሆንም፣ እስክትሄጂ ማንባይ ጋ ትቀመጫለሽ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ኬሳር ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፣ ከዚያ የአማቷን ፊት አየች። እንስራውን ቀስ ብላ ደፉ ላይ አስቀመጠች። «እሺ፣ እማ» ብቻ አለች። አንጀቴን በላችኝ። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም፤ እኔ ቤት ገብታ ምንጣፏን ከግድግዳው ሥር አነጠፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጠላት አይስጥ። ኬሳር ቀኑን ሙሉ ያቺ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ እየሠራች ከጭቃ ጋር ታወራለች። እማ፣ ቂጣው ተጠቀለለ ትላለች። ደግ፣ ይላል ከወዲያ። እማ፣ ሳጥኑ አልዘጋ አለ። ተቀመጪበት። እማ፣ ምሳ በሉ? በላሁ። ያልበላችውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የእርድ ወተት ከነጠላዬ ሥር ደብቄ የማመላልሰው እኔ፣ ጨርቁን ከመንደር ወጥቼ የማጥበው እኔ። ኬሳር የት ነው ስትለኝ ወንፊት ልዋስ እላታለሁ። ሰው በቀን ስንቴ ወንፊት ይዋሳል? እሷ ግን አታየኝም፣ ዓይኗን ከመርፌዋ አታነሳም። ደሜ ይፈላ ነበር። አንዳንዴ በአሮጊቷ፣ አንዳንዴ በኬሳር፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሞቆት በተቀመጠው በቪሽራም።

የጉዞው ቀን ጠዋት ጋሪው ቆመ። ባለ ባል በመሆኔ እርጎ በስኳር ያጎረስኳት፣ ግንባሯንም ቀይ የቀባኋት እኔ ነኝ። ቋጠሮዋን ከመደርደሪያው አውርጄ አስታቀፍኳት። ባሌ ሳጥኑን ሲጭን እሷ ወደ ሂርባይ በር ሄደች። በሩ ዝግ ነው። ደፉን ሳትረግጥ ጎንበስ ብላ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደገፈች።

«እማ፣ መጣሁ» አለች። መንገደኛ ሄድኩ አይልም።

«በይ፣ ፀሐይ በሬዎቹን ሳይመታቸው» አለች ሂርባይ። እዚያው፣ ከእንጨቱ ጀርባ ቆማ እንደነበር ያስታውቃል። ኬሳር ትንሽ ቆየች። እኔ በልቤ ግቢ፣ አንቺ ልጅ፣ ሕጉን ጥሰሽ ግቢ እል ነበር፤ በምላሴ ግን በልጆቼ ምያለሁ። ከዚያ ዘወር ብላ መጣች።

ጋሪው ላይ ከመውጣቷ በፊት ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አክስቴ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አውቃለሁ። አፏን በጨርቅ ስታፍነው ይሰማኛል። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ታዲያ እያወቅሽ?»

«ከገባሁ እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ እንደ አማቴ ሰው አስቀረሁ እያለች ነው የምትሞተው። ይሄን አላደርግባትም። ምንም አላወቀችም በያት። ማይልኝ።»

እንግዲህ አስቡት። አንዷ ሄዳ አንዷ ቀርታ፣ ሁለቱም እኔን ያስምላሉ። እኔ የመሐላ መጣያ ነኝ? ማልኩላት። ጋሪው መዞሪያው ጋ እስኪደርስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ስገባ ሂርባይ በሩ ሥር ወለል ላይ ተቀምጣለች። አንስቼ አስተኛኋት። ምን ለበሰች አለችኝ። ቀዩን። እርጎውን በላች? በላች። ጠረጠረች? ምንም አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። «ጎሽ» አለች፤ ያን ቀን ሰላም ሆና ዋለች፣ ሾርባም ቀመሰች። ሐኪሙም አሁን መጣ፤ ደረቷን አዳምጦ መርፌ ወጋትና ውጭ ጠርቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

በሁለተኛው ቀን ያንኑ ጠየቀችኝ። እውነት ምንም አላለችም? በሚቀጥለውም እንዲሁ። ወተት ይዤ ስገባ፣ ምንጣፏን ሳራግፍ፣ ራሷን ዘይት ስቀባት፣ ጥያቄዋ አንድ ነው። እኔም መልሴ አንድ ነው። ያረፈች መስሎኝ ነበር፣ ነገሩ ግን እየቆየ ውስጧን ይበላት ጀመር። መብሉን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ኬሳር ትተኛበት በነበረው በኩል፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳላስበው ተናገረች።

«ስንት ዓመት አብራኝ ተኝታ ሳሌን አላወቀችውም?» አለች። «አንድ ቀን አሞዎት ነው ወይ አላለችም። እኔ ልጄ ናት ስል ነው የኖርኩት።»

ዕንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርድ ነበር። ኪምጂ የሞተ ዕለት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። መቻል አቃተኝ። መሐላው ይብላኝ፣ ልጆቼንም አምላክ ይጠብቅልኝ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አውቃለች አልኳት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃለች፣ ጨርቁን አፍሽ ላይ ስታደርጊ ሁሉ ትሰማሽ ነበር፣ እንደ አማቴ ሰው አስቀረሁ ብለሽ እንዳትሞቺ ብላ ነው አንጀቷን አስራ የሄደችው፣ ልጅሽ ናት። ይሄን ስትሰማ ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

ጣሪያውን ታያለች።

«አውቃ ነው የሄደችው?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም ወይ እትዬ ያስወጣሻት? አንቺ አይደለሽ ሂጂ ያልሻት?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እሰይ። ደግ አደረገች። ደረሰች ማለት ነው፣ ከእንግዲህ የሚመልሳት የለም።»

እጄን ፈልጋ ያዘችው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፣ የስፌት መርፌው ጠባሳ ይሻክረኛል። ተኛች ብዬ ልነሳ ስል እንደገና አናገረችኝ፣ ድምጿ ከመድከሙ የተነሳ ጆሮዬን አፏ ጋ ማስጠጋት ነበረብኝ።

«በሩን ግን አልቀረቀርኩትም ነበር» አለችኝ። «ያን ጠዋት። ትንሽ ብትገፋው ይከፈት ነበር።»

በነጋታው ሞተች፤ ኬሳር ገና ባሕር ላይ ነበረች።